ያልነኩኝ ወጌሻ

እናቴ ስልክ ደውላ ሦስት ጊዜ "ደህና ነሽ?" ካለችኝ ሰው ሞቷል ማለት ነው። ባለፈው ጥቅምት፣ ደብረ ማርቆስ በምሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት የአንድ ሽማግሌ መታወቂያ እያባዛሁ ሳለ ደወለች።

"ደህና ነሽ?"

"ደህና ነኝ።"

"እግርሽስ ደህና ነው?"

"የቱ?" አልኳት። እንዲህ ስላት አትወድም።

"ኧረ ለመሆኑ ደህና ነሽ ወይ?" ስትል ሦስተኛዋ ነበረችና "ማን ነው የሞተው?" አልኳት።

"አያ ዳምጤ" አለችኝ።

ማሽኑ ወረቀት መትፋቱን ቀጠለ። ሽማግሌው "ልጄ፣ እኔ ያልኩሽ አንድ ብቻ ነበር" እስኪሉኝ ድረስ አሥራ ምናምን አባዝቼላቸው ነበር።

አያ ዳምጤን ሉማሜ ውስጥ የማያውቃቸው የለም። ወጌሻ ነበሩ። የተሰበረ ያቀናሉ፣ የወለቀ ይመልሳሉ፤ ሰውም ቢሆን፣ በቅሎም ቢሆን። ስለ እሳቸው የሚያወራ ሁሉ እጅጌውን ሰብስቦ ወይ ሱሪውን ገልጦ የዳነለትን አጥንት እያሳየ ነው የሚያወራው። እኔ የማሳየው የለኝም። እኔን አንድ ቀን እንኳ አልነኩኝም። ዛሬ ቆሜ የምጽፈውም ስላልነኩኝ ነው። ቆሜ የምለው ለወግ አይደለም፤ ተቀምጬ መጻፍ አልችልም፣ የፎቶ ኮፒው ማሽን ላይ ወረቀት ዘርግቼ ነው የምጽፈው።

ቤታቸው ከአስፋልቱ ወደ ታች፣ ከባሕር ዛፉ ጀርባ ነው። ከጣሪያው ክፈፍ ሥር አንድ ረጅም የእንጨት አግዳሚ አለ፤ ተራ የሚጠብቅ ሰው እዚያ ላይ ተደርድሮ ይቀመጣል። ቀና ሲሉ ማገሩ ላይ የቀርከሃ ስንጣቂ በየጥቅሉ ታስሮ ተንጠልጥሏል። አጥንት ደግፈው የሚያስሩበት ቀርከሃ ነው። ሰውየው ሲድን እሳቸው ራሳቸው ይፈቱትና እዚያ ይሰቅሉታል። ስም አይጻፍበትም፤ ግን ሁሉንም ያውቁታል። "ይሄ የቁዩ ጨርቅ ነጋዴ፣ የሐጂ ክንድ ነው፤ ከአይሱዙ ላይ የወደቁ ጊዜ። ያ ትልቁ የአንድ የዲማ የቅኔ ተማሪ ጭን ነው፤ ከዋርካ ወድቆ። ምን ሊሠራ እንደወጣ እስከ ዛሬ አልነገረኝም።"

እጃቸው ከሰውነታቸው ጋር አይሄድም ነበር። ራሳቸው ቀጭን፣ ጎበጥ ያሉ ሰው ናቸው፤ እጃቸው ግን የሌላ ትልቅ ሰው እጅ የተዋሱ ይመስላል። አንድ ቅዳሜ ትከሻው የወለቀ ጎረምሳ እያለቀሰ መጣ። እሳቸው ክንዱን እንደዋዛ ይዘው ስለ በሬዎቹ ይጠይቁታል።

"ስንት ጥንድ አለህ?"

"አንድ ነው አያ… ኧረ ቀስ ይበሉ።"

"ቀስ ብያለሁ። የግራው ስሙ ማን ነው?"

"ቦራ።"

"የቀኙስ?"

ልጁ "ዳል…" ከማለቱ ትከሻው ቀጭ ብሎ ገባ። "ቻ" አሉ እሳቸው ጨርሰውለት። አግዳሚው በሙሉ ሳቀ፤ ልጁም እያለቀሰ ሳቀ።

አንድ አባባል ነበራቸው። ሰው "እጅዎ ይባረክ፣ አጥንቴን ገጠሙልኝ" ሲላቸው "እኔ አልገጠምኩም" ይሉታል። "እኔ አቀናለሁ፣ አስራለሁ። ሠራተኛው ውስጥ ነው።" በሦስተኛው ሳምንት እስሩን ላላ አድርገው ስብራቱ ላይ በጣታቸው ጫፍ ሲዳስሱ፣ ጠጠር ያለች ጉብታ ካገኙ ፊታቸው ይበራል። "ሠራተኞቹ ገብተዋል" ይላሉ። እኔ ያን ጊዜ የሽማግሌ ወግ ነው ብዬ ነበር የማልፈው።

አሥረኛ ክፍል ሳለሁ ግራ እግሬ ከጉልበቴ ከፍ ብሎ ያመኝ ጀመር። ከመስቀል ወዲህ አበጠ። እኔ ድሮም አንድ ቦታ መቀመጥ የማልችል ልጅ ነኝ፣ አስተማሪዎቼ "ሥርጉት፣ እሾህ ላይ ነው የተቀመጥሽው?" ይሉኝ ነበር። እንደዚያ ዓመት ግን መቀመጥም መተኛትም አቅቶኝ አያውቅም። ኅዳር ሲገባ እናቴ ወደ አያ ዳምጤ ወሰደችኝ። መንገድ ላይ አስጠናችኝ።

"ከቆጡ መሰላል ወድቄ ነው በይ።"

"አልወደቅሁም እኮ።"

"አልወደቅሁም ካልሽ ምን ነካት ሊሉ ነው? ዓይን ነው ይሉሻል፣ መተት ነው ይሉሻል፣ አገር ያወራብሻል። ወድቀሻል በቃ።"

በእኛ አገር ያልወደቀ ሰው ወጌሻ ጋ አይሄድም። ስለዚህ እብጠት ያለበት ሁሉ ይወድቃል። እናቴ ብቻ አይደለችም፤ የእኛ ሰው ሁሉ ልጁን በአፉ ይጥላል።

አያ ዳምጤ እጃቸውን ቅቤ ቀብተው ወደ ጉልበቴ ሲመጡ ጠየቁኝ።

"በምን ላይ ወደቅሽ?"

"መሬት ላይ።"

"ሁላችንም የምንወድቀው መሬት ላይ ነው። ምን ያለ መሬት?"

"ከቆጥ ነው አያ፤ የቤት ወለል ነው" አለች እናቴ ቀድማ።

"የወደቀችው እናቲቱ ናት?" አሉ። አግዳሚው ሳቀ። ወደ እኔ ዞሩ። "በየት በኩል አረፍሽ?"

ያንን አላስጠናችኝም ነበር። "በቀኜ" አልኩ።

"ታዲያ ያበጠው ግራሽ፣ እሱን ምን አስቸኮለው?"

አሁንም ሳቁ። ሰው ሲስቅብኝ አልወድም። "አልወደቅሁም" አልኩ። "ወድቄያለሁ በይ ያለችኝ እናቴ ናት።" እናቴ ከኋላዬ ቆነጠጠችኝ።

አያ ዳምጤ አልሳቁም። ጉልበቴ ጋ ሊደርስ አንድ ጣት የቀረው እጃቸው ቆመ። ቅቤውን በጨርቅ ጠረጉ፣ ጣት በጣት። ከዚያ ሁለቱንም እጆቻቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱ።

"ቀን ነው ሌሊት የሚብስብሽ?"

"ሌሊት።"

"ስታርፊ ይተውሻል?"

"አይተወኝም።"

"ነገ ማርቆስ ሐኪም ቤት ውሰጃት" አሏት እናቴን። "ነገ ነው ያልኩሽ።"

"እርስዎስ ምን ሊያደርጉላት ነው?"

"ምንም።"

"እንዲያው አንድ ጊዜ ዳሰስ ቢያደርጓት…"

"አልነካትም። ሌላ ወጌሻም እንዳያሻት።"

እናቴ ወደ ቤት እስክንደርስ ስትሰድባቸው ነበር። ውሻ እንደላሰው ዕቃ አደረጉብኝ አለች። እኔ ደስ ብሎኛል፤ ከመታሸት ተርፌያለሁ። ነገ የተባለው ግን ነገ አልሆነም። ጤፉ አጨዳ ላይ ነበር፣ ዝናብ ያሰጋል፣ ደቦ ተጠርቷል። በአራተኛው ቀን ጠዋት አያ ዳምጤ በእግራቸው መጥተው ደጃችን ላይ ቆሙ።

"ማርቆስ ሄዳችሁ?"

"ጤፉ ይግባ ብለን ነው አያ። ይግቡ፣ እህል ይቅመሱ።"

"አልቀምስም።"

"ኧረ ውሃ እንኳ…"

"ውሃም አልቀምስም። አንቺ ነጠላሽን እስክትለብሺ እዚህ እቀመጣለሁ።" በራፋችን ላይ ካለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ፣ እጃቸው ጋቢያቸው ውስጥ እንዳለ። ሽማግሌ ደጅሽ ላይ ተቀምጦ እህል ውሃ አልቀምስም ካለ መንደሩ ምን እንደሚል የእኛ ሰው ያውቀዋል። እናቴ ሩብ ሰዓት አልቻለችም። ሚኒባስ ድረስ ሸኙን፣ ረዳቱን "እግሯን አትግፉባት" አሉት፣ መኪናው እስኪነሳ ቆመው አዩን።

ማርቆስ ራጅ ተነሳሁ። ከማርቆስ ወደ አዲስ አበባ ላኩኝ። የአጥንት ካንሰር ነው ተባለ። እግሬ ከጉልበቴ በላይ ተቆረጠ፣ ከዚያ በደም ሥሬ የሚገባው መድኃኒት ወራት ወሰደ። ስለዚያ ዘመን ብዙ አልጽፍም፤ ይሄ ስለ እኔ አይደለም። አንድ ነገር ብቻ እጽፋለሁ፣ ለአያ ዳምጤ ይዤላቸው የተመለስኩት እሱን ስለሆነ።

አንድ ወጣት ሐኪም ቁስሌን ሊያይ ሲመጣ "ለምን እኔን ያዘኝ?" አልኩት። "የእግዚአብሔር ነገር…" ብሎ ጀመረ።

"እሱንማ ቄሱም ይነግሩኛል። አንተ የተማርከውን ንገረኝ።"

ሳቀና ከጓንት ካርቶን ላይ ክዳኑን ቀድዶ መሳል ጀመረ። አጥንት እንደ ድንጋይ የሞተ ነገር አይደለም አለኝ። ውስጡ ስቴም ሴል የሚባሉ ሴሎች አሉ። ገና ምንም አልሆኑም፤ አጥንትም አይደሉ፣ ስብም አይደሉ። የሚሆኑት ሲጠሩ ነው። አጥንት ሲሰበር ወይም ሲያድግ አንዷ ለሁለት ትከፈላለች፤ አንደኛዋ በቦታዋ ትቀራለች፣ ሁለተኛዋ ሙያ ተምራ አጥንት ሠሪ ትሆናለች። ሠርታ ስትጨርስ ታቆማለች። "ዋናው ነገር ማቆሟ ነው" አለኝ።

ካንሰሩ የሚጀምረው ያ ነገር ሲበላሽ ነው። ውስጧ ያለው መመሪያ ይሳሳትና ሙያዋን ሳትጨርስ መንገድ ላይ ትቀራለች፤ መብዛቷን ግን አትተውም። አጥንት መሳይ፣ ዝብርቅርቅ ያለ ነገር እየሠራች ትበዛለች። በእኔ ዕድሜና ጉልበት አካባቢ የሚበዛው አጥንት በፍጥነት የሚያድገው ያን ጊዜና እዚያ ቦታ ስለሆነ ነው ይባላል፤ ሥራ የበዛበት ቦታ ስህተትም አይጠፋውም። "የምትበላሸው ራሷ ስቴም ሴሏ ናት ወይስ ሙያ የጀመረችው ልጇ?" አልኩት። ካርቶኑን አየና "እሱን እኛም ገና አልጨረስነውም" አለ። አለመዋሸቱን ወደድኩለት። ከበሽታው ሴሎች መሐል እንደ ስቴም ሴል አድፍጠው የሚቆዩ አሉ ተብሎ እንደሚታሰብም ነገረኝ፤ መድኃኒቱ የሚባዙትን ሲፈጅ እነሱ ተኝተው ያሳልፉትና ኋላ ይነሳሉ። ዛሬም በየጊዜው አዲስ አበባ ሄጄ የምታየው ለዚህ ነው።

ካርቶኗን ይዤ በክራንች ወደ ሉማሜ ስመለስ በመጀመሪያ የሄድኩት አያ ዳምጤ ጋ ነው። እግሬ የነበረበትን ቦታ አዩ፤ ከንፈር አልመጠጡም። "ምን አሉሽ? አንድ ሳታስቀሪ ንገሪኝ" አሉ።

ነገርኳቸው። ካርቶኗን ተቀብለው ገልብጠው ዘቅዝቀው አዩዋት። አጥንት ሠሪዎቹን ሳወራ ዓይናቸው በራ። "ሠራተኞቹ" አሉ።

"እነሱው ናቸው አያ።"

"አየሽ? ዕድሜ ልኬን ስናገረው የኖርኩትን።" ልጃቸውን አበረን ጠሩት። አበረ ትልቅ ሰው ነው፣ ሙያውን ከአባቱ ይማራል። "ና ስማ፣ አዲስ አበባ ድረስ ያውቋቸዋል ሠራተኞቼን።"

ከዚያ ስለ መበላሸቱ ነገርኳቸው። ማቆም ስለማታውቀዋ። አያ ዳምጤ ካርቶኗን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። አበረ ወደ መሬት አየ።

"እንግዲያው የሻረግን የገደላት የኔው ሠራተኛ ነዋ" አሉ።

የሻረግ ልጃቸው ነበረች፤ የአበረ ታላቅ። እኔ ሳልወለድ ነው የሞተችው። በአሥራ አራት ዓመቷ ክንዷ አበጠ። "አልወደቅሁም አባዬ አለችኝ" አሉ አያ ዳምጤ። "እኔ ነኝ ወድቀሽ ረስተሽው ነው ያልኳት። አጥንት ያለ ምክንያት አያብጥም፣ እኔ አውቃለሁ አልኳት። ሰባት ሳምንት በቅቤ አሸኋት። ያልተሰበረ ክንድ በቀርከሃ አሰርኩ። ስታለቅስ፣ ጠንከር በይ፣ የወጌሻ ልጅ ነሽ እላታለሁ።"

በምን ላይ ወደቅሽ የሚሉት ጥያቄ ከየት እንደመጣ ያን ጊዜ ገባኝ።

"አንድ ነገር ጠይቂልኝ" አሉኝ። "ለምርመራ ስትሄጂ ያንን ሐኪም ጠይቂው። ያመጣው እጄ ነው ወይ በይው።"

ሦስት ወር ጠበቁኝ። አንድም ቀን መቼ ነው የምትሄጂው አላሉኝም። እናቴ ግን ትነግረኝ ነበር፤ በደጃችን ባለፉ ቁጥር ቆም ይላሉ፣ "ደህና ናት?" ይላሉ፣ ይሄዳሉ።

ከአዲስ አበባ ስመለስ ሰው ሠራሽ እግር ተገጥሞልኝ ነበር። ክራንቿን ትከሻዬ ላይ ተሸክሜ ቤታቸው ስገባ የአንዲት በቅሎ እግር እያሰሩ ነው። አዩኝና ገመዱን ለአበረ ሰጡት።

"አመጣሽልኝ?"

"አመጣሁ። ማሸት አያመጣውም። ከውስጥ ነው የሚነሳው። ቢያሿትም ባያሿትም ይነሳባት ነበር።"

ትንፋሻቸውን ለቀቁ። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ያቆም ነበር። እኔ አላቆምኩም፤ ሙሉውን እንዳመጣላቸው ነበር የላኩኝ።

"ግን ያባብሰዋል። ሊበትነውም ይችላል ብሏል። ከሁሉ በላይ ጊዜ ይበላል። ሰባት ሳምንት ብዙ ነው አለ።"

"አንቺ ልጅ፣ ምናለ እሱን እንኳ ብትተዪው" አለ አበረ።

"ተዋት" አሉ አያ ዳምጤ። ዓይናቸው ሞልቷል፣ ድምፃቸው ግን አልተለወጠም። "ግማሹን ብቻ አምጥታልኝ ቢሆን አላምናትም ነበር። ደግ ሆና ነው የነገረችኝ እያልኩ እሞት ነበር። ሁለቱንም ስላመጣሽልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ልጄ።"

ክራንቿን ዘረጋሁላቸው። "ትሰቀል" አልኩ ወደ ማገሩ እያመለከትኩ።

"የኔ ሥራ አይደለችም። አልነካሁሽም።"

"ስላልነኩኝ ነው የምትሰቀለው።"

ቤት ገብተው ቆዩ። ሲወጡ በነጠላ የተጠቀለለ ነገር ይዘዋል። ፈቱት፤ አራት የቀርከሃ ስንጣቂ ነው፣ አጭር፣ የልጅ ክንድ የሚያህል። ከዳነ ሰው ብቻ ስለሚሰቀል ያን ሁሉ ዓመት ሳጥን ውስጥ ነበር። መሰላል አቁመው ራሳቸው ወጡና ክራንቼንና የየሻረግን ቀርከሃ በአንድ ገመድ ሰቀሏቸው። ወርደው ቀና ብለው አዩ። "ክራንችሽ ረዘመች" አሉ። "ሰው ራሱን ይመታባታል።"

"ይምታ። ቀና ብሎ ያያታል።"

"አንቺ ጅራፍ" አሉኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስሜ ጅራፍ ሆነ።

ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣሽ አግዳሚው ላይ ተቀመጪልኝ ሲሉኝ መቀመጥ አልችልም አልኳቸው። "እንግዲያው ቁሚ" አሉ። ቆምኩ። በምን ላይ ወደቅህ ተብሎ የሚንተባተብ ሲመጣ እኔን ያዩኛል፤ እኔ ሱሪዬን ገልጬ የፕላስቲኩን እግር አንኳኳለታለሁ። ማርቆስ ሥራ እስካገኝ ድረስ እንዲህ ሠራን። ያልወደቁትን እጃቸውን ጋቢ ውስጥ ከተው ይሸኟቸው ነበር፤ እንቢ ያለ ካለ ደጁ ላይ ሄደው ይቀመጣሉ። ብዙዎቹ ሌላ ሕመም ሆኖ ተገኘ። አንዳንዶቹ እንደ እኔ ነበሩ።

ለሰልስታቸው ሉማሜ ሄድኩ። ድንኳኑ አግዳሚው ፊት ተተክሏል። አበረ የአባቱን ጋቢ ለብሶ ተቀምጧል። ቀና ስል ክራንቼ በቦታዋ ናት። ካልጠፋ ቦታ ከሥሯ ቆምኩ።

ረፋዱ ላይ አንዲት ሴት አሥራ ሁለት ዓመት የምትሆን ልጅ እየመራች ገባች። ከዲማ በኩል ነው የመጡት፣ መሞታቸውን አልሰሙም። ድንኳኑን ስታይ ገባትና ተቀምጣ አለቀሰች። ካለቀሰች በኋላ ወደ አበረ ቀረበች።

"ልጃቸው ትሠራለህ ብለውኝ ነው። ሐዘን ላይ መሆንህን አጥቼው አይደለም ወንድሜ። ከሩቅ ነው የመጣሁት።"

ልጅቷ ክንዷን ገለጠች። ከትከሻዋ ዝቅ ብሎ አብጧል። አበረ ሲያየው ፊቱ ተለወጠ፤ የየሻረግም ያው ነበር። እጁን መዘርጋት ጀመረ።

"በምን ላይ ወደቀች?"

"ውሃ ልትቀዳ ወርዳ፣ ድንጋይ ላይ ነው" አለች እናቲቱ።

አበረ ወደ ልጅቷ ዞረ። "በየት በኩል አረፍሽ?"

ልጅቷ እናቷን አየች። ያን አስተያየት አውቀዋለሁ። ሱሪዬን ከፍ አድርጌ እግሬን ሁለቴ አንኳኳሁ።

"እኔም ከቆጥ ወድቄ ነበር" አልኳት ልጅቷን። "የጣለችኝ እናቴ ናት። እዚያ ጥግ የተቀመጠችው።"

እናቴ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። "እውነቷን ነው" አለች ከዚያው ሆና። "ተናገሪ የኔ ልጅ። አትፍሪ።"

"አልወደቅሁም" አለች ልጅቷ።

እናቷ መሬት መሬት ታያለች። የሚቆጣት ግን አልነበረም።

"እኔ ነገ ወደ ማርቆስ ተመላሽ ነኝ" አልኳት ሴትዮዋን። "በመጀመሪያው መኪና አብረን እንሄዳለን። ሐኪም ቤቱን አውቀዋለሁ።"

"እሱስ ምን ሊያደርግላት ነው ታዲያ?" አለች ወደ አበረ እያየች።

አበረ ቀና ብሎ ማገሩን አየ። ከዚያ የዘረጋውን እጁን መለሰ፣ ሁለተኛውንም ጨመረ፣ ሁለቱንም የአባቱ ጋቢ ውስጥ ከተታቸው።

"ምንም" አላት።